ኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግን አዳማ ላይ መማር፦ ከፍሬሽማን እስከ መመረቂያ ፕሮጀክት

ድልድዩ ጭነቱን ይችላል ወይ? ሙቀቱ በስንት ደቂቃ ያልፋል? ጎርፉ እስከ የትኛው ሰፈር ይደርሳል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በፊዚክስ ሕግ መጻፍ፣ ሕጉን ወደ ቁጥር መቀየር፣ ቁጥሩን በኮምፒውተር መፍታት፣ በመጨረሻም መልሱ ምን ያህል እንደሚታመን መናገር፦ የኮምፒውቴሽናል ኢንጂነሪንግ ሥራ ይኸው ነው። ከአራቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሶፍትዌር ከፍቶ በቀይና በሰማያዊ ያሸበረቀ ሥዕል ማውጣት በሳምንት ይለመዳል። ሥዕሉ እውነት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ይህ መመሪያ የተጻፈውም ለእነዚያ ዓመታት ነው።

የትኛው ዲፓርትመንት?

በጀርመን ኤርላንገንና ዳርምሽታት፣ በአሜሪካ ኦስቲን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ ስም የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣሉ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ የሚያዋጣው መንገድ ከነባሮቹ ዲፓርትመንቶች በአንዱ ገብቶ የጎደለውን ራሱ መሙላት ነው። ሜካኒካል ከገባችሁ ሙቀት፣ ፈሳሽና የጠጣር አካላት መካኒክስ በኮርስ ይሰጣችኋል፤ የሚጎድላችሁ ፕሮግራሚንግና ጠንከር ያለ ሊኒየር አልጀብራ ነው። ሲቪል ወይም ውሃ ሀብት ከገባችሁ ስትራክቸርና ሃይድሮሊክስ አላችሁ፤ የሚጎድላችሁ ያው ነው። ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ከገባችሁ ኮዱ ይቀላችኋል፤ የፈሳሽ መካኒክስና የሙቀት ሽግግር ትምህርት ግን አይደርሳችሁም። አፕላይድ ማቲማቲክስ ለስልቶቹ ማረጋገጫ ጠንካራ መሠረት ይሰጣል፤ ከምህንድስናው ጥያቄ ግን ራቅ ይላል።

ለመምረጥ ለተቸገረ ሰው ምክራችን ሜካኒካል ወይም ውሃ ሀብት ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ብቻውን ተቀምጦ የተማረ ተማሪ በየዶርሙ አለ፤ ፈሳሽ መካኒክስን ያለ መምህርና ያለ ላብ ብቻውን በደንብ የተማረ ግን እምብዛም አይገኝም። ከባዱን ከክፍል ውሰዱ፣ ቀላሉን በራሳችሁ ሙሉ።

በፍሬሽማን ዓመት ሶፍትዌር እያወረዱ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም። ዲፓርትመንት ሲመደብ የሚታየው ውጤታችሁ ነው፤ ካልኩለስና ፊዚክስ ላይ አተኩሩ። ፓይተን በሳምንት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ መሆኑንም አትዘንጉ፤ የማለፊያው ውጤት 50 በመቶ ነው፣ ፈተናው የሚወጣውም ከዲፓርትመንታችሁ ኮርሶች ነው። በሲሙሌሽን ፍቅር ተይዞ የዲፓርትመንቱን ዋና ኮርሶች ችላ ያለ ተማሪ ለአምስተኛ ዓመት ከባድ ዕዳ ያስቀምጣል።

ላፕቶፑና የአዳማ አቧራ

ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ 16 ከተገኘ ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ እፎይ ትላላችሁ። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ውድ ግራፊክስ ካርድ በዲግሪው ዘመን አያስፈልግም፤ ያንን ገንዘብ ራም ላይ አውሉት። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሁሉንም የፕሮሰሰሩን ኮሮች የሚያሠራ ስሌት ለ20 ደቂቃ አስጀምሩና ፍጥነቱን ተከታተሉ። በአምስተኛው ደቂቃ ፍጥነቱ በግማሽ ከወረደ ማቀዝቀዣው ደክሟል ማለት ነው። አዳማ ሞቃት፣ ነፋሻማና አቧራማ ከተማ ናት፤ አቧራው ፋኑን ሲዘጋው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ በቀኑ ሙቀት የ6 ሰዓቱ ስሌት 10 ሰዓት ይወስዳል። በየሴሚስተሩ አስከፍታችሁ አስጠርጉት፤ ረጅም ስሌት ማታ አስጀምሩ፤ ላፕቶፑን አልጋ ላይ አታስቀምጡት፣ ሥሩ አየር ያግኝ።

ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫኑ፤ የፈሳሽ ስሌት ከሚሠሩት ነፃ መሣሪያዎች ዋናው ኦፕንፎም በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የመጫኛው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በካምፓሱ ዋይፋይ ሌሊት አውርዳችሁ በፍላሽ ተካፈሉት። ለጅማሬ የሚበቁት እነዚህ ናቸው፦ ፓይተን ከስሌትና ከግራፍ ጥቅሎቹ ከናምፓይ፣ ከሳይፓይና ከማትፕሎትሊብ ጋር፤ ክፍል ውስጥ ማትላብ ከታዘዘ ኦክታቭ፤ አካሉን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ለሚከፍለው መረብ፣ ማለትም ለሜሽ፣ ጂሜሽ፤ ለስትራክቸር ካልኩሊክስ፤ ውጤት ለማየት ፓራቪው፤ የኮድ ታሪክ ለመያዝ ጊት። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። በክራክ የተጫነ የንግድ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ፕሮጀክት ማቅረቢያ ሳምንት ላይም አልከፍትም ሊል ይችላል።

ሒሳቡ በምን ቅደም ተከተል?

አፕላይድ ማቲማቲክስ 1፣ 2 እና 3 ካልኩለስንና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ይሸፍናሉ። ሊኒየር አልጀብራ ግን በጥቂት ምዕራፎች ብቻ ይታለፋል፤ ለዚህ ሙያ ደግሞ የጀርባ አጥንቱ እሱ ነው። በሁለተኛ ዓመት ክረምት እነዚህን በራሳችሁ ሙሉ፦ ማትሪክስን በኤልዩ መበተን፣ አይገንቫልዩ፣ ኦርቶጎናል ቬክተሮች፣ ኮንዲሽን ነምበር። በወረቀት 3 በ3 ማትሪክስ ሳትፈቱ ወደ ኮምፒውተር አትሂዱ። ቴይለር ሲሪስን እንደ ስማችሁ እወቁት፤ ኑሜሪካል ሜተድስ ውስጥ ያለው የስህተት ትንተና ሁሉ ከእሱ ይመነጫል።

ኮምፒውተሩ 0.1ን አያውቀውም

ፓይተን ላይ 0.1ን ከ0.2 ጋር ደምሩ። መልሱ 0.30000000000000004 ነው። 0.1ን በመደመር ምልክት አሥር ጊዜ ደምሩ፤ 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ይወጣል። ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚይዘው በሁለት ቤት ስለሆነ፣ እኛ አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ጽፈን እንደማንጨርሰው እሱም አንድ አሥረኛን ጽፎ አይጨርስም፤ 16 አሃዝ ገደማ ይዞ የቀረውን ይቆርጣል።

ይህ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ዳህራን ላይ የሆነውን ይመልከት። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን በ0.1 ሰከንድ ይቆጥር ነበር፤ 0.1ን የያዘው በ24 ቢት ስለነበር በየቆጠራው ጥቂት ይጎድል ነበር። መሣሪያው 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ጉድለቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። የመጣውን ሚሳይል በተሳሳተ ቦታ ፈለገው፣ አላገኘውም፣ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

ከዚህ ሁለት ልማዶች ያዙ። ሁለት የአሥርዮሽ ቁጥሮች እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ በቀጥታ አትጠይቁ፤ ልዩነታቸው ከምትወስኑት ትንሽ ወሰን በታች ነው ወይ በሉ። ሁለተኛ፣ ሊተካከሉ ጥቂት የቀራቸውን ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች አትቀናንሱ፤ ትክክለኛዎቹ አሃዞች ተጣፍተው ቆሻሻው ይቀራል። ይህንን በእጃችሁ እዩት፦ የሳይንን ዲሪቬቲቭ በ1 ራዲያን ላይ በቀላሉ የልዩነት ቀመር፣ ማለትም (ሳይን(1 + እርምጃ) − ሳይን(1)) ÷ እርምጃ፣ አስሉ፤ እርምጃውን ከ0.1 ጀምራችሁ በአሥር እያካፈላችሁ ቀንሱ። እርምጃው 10⁻⁸ አካባቢ እስኪደርስ መልሱ ወደ 0.5403 እየቀረበ ይሄዳል፤ ከዚያ በታች ግን መልሶ ይበላሻል። ስህተቱን በግራፍ ስትሥሉት ቪ ቅርጽ ይሠራል። ግራፉን ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት፤ «እርምጃ ባነሰ ቁጥር ይሻላል» የሚለውን እምነት የሚያስጥል ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ ሥራ፦ የምጣድ ሙቀት

የሸክላ ምጣድ በየቤቱ አለ፤ ውፍረቱ በማስመሪያ ይለካል፤ እስኪግል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚጋግር ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ የሚላችሁን ከምታውቁት ጋር ማመሳከር ስለሚቻል ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ውፍረቱን 20 ሚሊ ሜትር እንያዝ። ሙቀት በሸክላው ውስጥ የሚሰራጭበትን ልክ፣ በክፍል ዲፊዩዚቪቲ የምትሉትን፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ እንበል፤ ለተተኮሰ ሸክላ ለመነሻ የሚበቃ ግምት ነው።

ደረጃ 1። ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ገምቱ። ውፍረቱን በራሱ አባዝታችሁ ለዲፊዩዚቪቲው አካፍሉ፦ 400 ለ0.5፣ 800 ሰከንድ፣ 13 ደቂቃ ገደማ። ምጣድ ለመጋል የሚፈጀውም በዚሁ አካባቢ ነው። ፕሮግራማችሁ 8 ሰከንድ ወይም 3 ሰዓት ካላችሁ ሜትርና ሚሊ ሜትር ተደባልቆባችኋል።

ደረጃ 2። ውፍረቱን 10 እኩል ቦታ ክፈሉ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ነጥቦቹ ግን 11 ናቸው። ውፍረቱን ለ11 የሚያካፍል ተማሪ በየዓመቱ አለ፤ መልሱ ትንሽ ብቻ ስለሚሳሳት ለወራት ሳይታወቅበት ይቆያል።

ደረጃ 3። የእያንዳንዱ የውስጥ ነጥብ አዲስ ሙቀት ከአሮጌው እንዲህ ይገኛል፦ የራሱ ሙቀት + አር × (የግራ ጎረቤት + የቀኝ ጎረቤት − 2 × የራሱ)። አር ማለት ዲፊዩዚቪቲው ሲባዛ በጊዜ እርምጃው፣ ሲካፈል ለክፍሉ ስፋት ካሬ ነው። አዲሱን ሙቀት በሌላ አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር) አስቀምጡ። በዚያው አሬይ ላይ ከጻፋችሁ የግራው ጎረቤት አዲስ፣ የቀኙ አሮጌ ይሆንና ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ናምፓይ ላይ ደግሞ አንዱን አሬይ በእኩል ምልክት ብቻ ለሌላ ስም ከሰጣችሁት ሁለት ስም ያለው አንድ አሬይ ነው ያላችሁ፤ ኮፒ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ኮዱ ምንም ስህተት ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ ከሚሰጥባቸው ቦታዎች ይህ ዋናው ነው።

ደረጃ 4። መልሱ በእጅ በሚታወቅ ጉዳይ ፈትኑ። ሁለቱን ጫፎች 0 ዲግሪ ላይ ያዙ፤ መነሻውን ሙቀት መሐሉ 100 ዲግሪ በሆነ የሳይን ግማሽ ቅስት ሙሉት። ሒሳቡ እንደሚለው ቅርጹ ሳይለወጥ እየወረደ ይሄዳል፤ ከ100 ሰከንድ በኋላ መሐሉ 29.12 ዲግሪ መሆን አለበት። በ2 ሚሊ ሜትር ክፍልና በ2 ሰከንድ እርምጃ 50 እርምጃ አስኪዱ፦ 28.97 ይወጣል። አሁን ክፍሉን 1 ሚሊ ሜትር፣ እርምጃውን 0.5 ሰከንድ አድርጋችሁ 200 እርምጃ አስኪዱ፦ 29.08። የመጀመሪያው ስህተት 0.148፣ ሁለተኛው 0.037 ነው፤ ክፍሉ በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ ወደ ሩብ ወረደ። ስልቱ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚባለው ይኸው ነው። የናንተ ወደ ግማሽ ብቻ ከወረደ ከጫፎቹ አንዱ ላይ ቀመሩ ልል ነው። ጨርሶ ካልወረደ ቀመሩ ውስጥ ስህተት አለ፤ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ደረጃ 5። ሆን ብላችሁ አፍርሱት። ክፍሉን 1 ሚሊ ሜትር እንዳለ ትታችሁ የጊዜ እርምጃውን 1.1 ሰከንድ አድርጉ፤ ከታች 250 ዲግሪ፣ ከላይ 25 ዲግሪ ስጡ። አር 0.55 ሆነ፤ የሚፈቀደው እስከ 0.5 ነው። ጎረቤት ነጥቦች አንዱ ሲግል ሌላው እየቀዘቀዘ መዝለል ይጀምራሉ፤ መዛነፉ በየእርምጃው በ1.2 ገደማ ይባዛል፣ ከ50 እርምጃ በኋላ በሺዎች ያድጋል። ምክንያቱ በቀላል አማርኛ ይህ ነው፦ በአንድ እርምጃ ከጎረቤቶቹ አማካይ አልፎ የሚሄድ ነጥብ በሚቀጥለው እርምጃ የባሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንኛውም ሲሙሌሽን «ፈነዳ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጊዜ እርምጃው ነው።

ከዚህ ዋጋውንም ተማሩ። ክፍሉ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈቀደው እርምጃ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ነጥቡ 2 እጥፍ፣ እርምጃው 4 እጥፍ፣ ሥራው 8 እጥፍ ይሆናል። በሦስት አቅጣጫ ከሆነ 32 እጥፍ ነው። ትናንት 10 ደቂቃ የፈጀው ዛሬ ከ5 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ሜሽ ከማጥበባችሁ በፊት ይህን በወረቀት አስሉ።

ደረጃ 6። ወደ እውነተኛው ምጣድ ተጠጉ። የላይኛው ገጽ ለአየር ሙቀት ይሰጣል፤ ሊጥ ሲፈስበት ደግሞ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይወስዳል። እዚህ ላይ የውሃ መፍያ 100 ዲግሪ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ባሕር ጠለል ላይ የሚጋግር መስሎታል። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ማትሪክስ ራም ሲበላ

የሁሉንም ነጥብ አዲስ ሙቀት በአንድነት የሚፈቱት፣ የእርምጃ ገደብ የሌለባቸው ኢምፕሊሲት ስልቶች በየእርምጃው የማትሪክስ ስሌት ይጠይቃሉ። አንድ ጠፍጣፋ ብረት በ100 በ100 ነጥብ ብትከፍሉ የማይታወቁት ሙቀቶች 10,000 ናቸው፤ ማትሪክሱ 100 ሚሊዮን ቁጥር ይይዛል፣ 800 ሜጋባይት ራም ይበላል። 200 በ200 ስታደርጉት 12.8 ጊጋባይት ይሆንና 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ይቆማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው ራሱንና አራት ጎረቤቶቹን ብቻ ነው፤ በየረድፉ ቢበዛ 5 ቁጥር እንጂ የቀረው ሁሉ ዜሮ ነው። ዜሮዎቹን በማይይዝ የሳይፓይ ስፓርስ ማትሪክስ ስታስቀምጡት የመጀመሪያው 800 ሜጋባይት ከ1 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ማትሪክሱን ኢንቨርስ አታድርጉ፤ ኢንቨርሱ ዜሮ የለውምና ያተረፋችሁትን ሁሉ መልሶ ይበላል። በቀጥታ የሚፈታውን ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ፋይናይት ኤለመንት፦ ሥዕሉ ሲያምር ተጠንቀቁ

ፋይናይት ኤለመንት አንድን አካል ኤለመንት ወደሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ የሚያሰላ ስልት ነው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ በራሳችሁ ኮድ የአንድ አቅጣጫ ኤለመንት ከሠራችሁ በኋላ ወደ ካልኩሊክስ ሂዱ። እነዚህ ፕሮግራሞች ዩኒት አይጠይቁም፤ የሰጣችሁትን ቁጥር ብቻ ያባዛሉ። ሥዕሉን በሚሊ ሜትር ከሣላችሁ ኃይሉ በኒውተን፣ ስትረሱ (ለስፋት የተካፈለው ኃይል) በሜጋፓስካል፣ ክብደቱ በቶን ይሆናል። የብረት ያንግስ ሞዱለስ (የግትርነቱ ልክ) 210,000፣ እፍግታው ደግሞ 7.85 × 10⁻⁹ ይጻፋል። 7850 ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢሙ በራሱ ክብደት መሬት ሰንጥቆ ሲገባ ያያል፤ ይህ ቢያንስ ይታያል፤ የንዝረት ድግግሞሽ ስሌት ላይ ግን ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

የመጀመሪያ ፈተናችሁ ይህ ይሁን፦ ርዝመቱ 1000፣ ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቢም፣ አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ጫፉ ላይ 100 ኒውተን የተንጠለጠለበት። በእጅ ሲሰላ ጫፉ 1.49 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሥሩ ላይ ያለው የመታጠፍ ስትረስ 18.75 ሜጋፓስካል ነው። አሁን በቁመቱ አንድ ተራ ባለ አራት ኖድ (ነጥብ) ቴትራ፣ ማለትም ባለ አራት ፊት፣ ኤለመንት ብቻ አድርጋችሁ አስሉት። ቢሙ ከሚገባው በጣም ጠንክሮ፣ የወረደውም ከ1.49 እጅግ ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቀላሉ ኤለመንት መታጠፍን መምሰል ስለማይችል ነው። ባለ 10 ኖድ ቴትራ ስታደርጉት መልሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጥሎ ሥሩ አካባቢ ሜሹን ደጋግማችሁ አጥብቡ። የማዕዘኑ ስትረስ ሳይረጋ ይጨምራል፣ እንደገና ይጨምራል፤ በፍጹም የተቀበረ ስለታም ማዕዘን በሒሳቡ ወሰን የለውም። የመመረቂያ ወረቀት ላይ ከዚያች ነጥብ የተወሰደ «ከፍተኛ ስትረስ» ትርጉም የለውም፤ ከሥሩ ራቅ ብላችሁ አንብቡ ወይም ማዕዘኑን ክብ አድርጉት።

የኤለመንት ምርጫ ምን እንደሚያስከፍል ኖርዌይ አይታለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስታቫንገር አጠገብ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። በፋይናይት ኤለመንቱ ስሌት የግድግዳው ሺር (የሚያንሸራትት) ስትረስ 47 በመቶ አንሶ ተገምቶ ነበር፤ በዚያ ቁጥር ተመሥርቶ ግድግዳው ቀጠነ። በኋላ በጥንቃቄ ሲሰላ ግድግዳው 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር ታየ፤ የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። በሶፍትዌሩ በትክክል ቢሠሩበት መልሱን ሊያገኘው ይችል ነበር።

ነፋሱ ደጃችሁ ላይ ነው

ከአዳማ ወጣ ብሎ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች 34ቱ የአዳማ 1፣ 102ቱ የአዳማ 2 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት፣ በድምሩ 51 እና 153 ሜጋዋት። ለፈሳሽ ስሌት ጥሩ መግቢያ ናቸው፤ ግን ከሜሽ በፊት ይህችን አስሉ። የነፋስ ኃይል ማለት ግማሽ የአየር እፍግታ × ሮተሩ (የሚሽከረከሩት ክንፎች) የሚጠርገው ስፋት × የፍጥነቱ ኩብ ነው። ዲያሜትሩ 77 ሜትር ለሆነ ሮተር ስፋቱ 4,657 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ነፋስ ላይ በመማሪያ መጽሐፍ የተለመደውን እፍግታ፣ 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ ከተጠቀማችሁ 2.85 ሜጋዋት ይወጣል። የአዳማ አየር ግን ከፍታው ስላሳሳው በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.98 ያህል ነው፤ መልሱ 2.28 ሜጋዋት ነው። ከዚህም ላይ ማንም ተርባይን ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 59.3 በመቶውን ስለሆነ ጣሪያው 1.35 ሜጋዋት ነው። የባሕር ጠለሉን ቁጥር ሳያስተውል የገለበጠ ተማሪ ኃይሉን በ25 በመቶ አጋንኖ ያቀርባል፤ ቀሪው ስሌት የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን አያድነውም። የፍጥነት መረጃው ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በፍጥነት ላይ የ10 በመቶ ስህተት በኃይሉ ላይ 33 በመቶ ይሆናል።

ኦፕንፎም ስትጀምሩ ከአጠቃቀም መማሪያዎቹ አንዱን ሳትለውጡ አስኪዱ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። በጊዜ በሚለዋወጥ ፍሰት ኩራንት ነምበርን ከ1 በታች ያዙ፤ ትርጉሙ አየሩ በአንድ እርምጃ ከአንድ ሴል በላይ አይዝለል ነው። ሪዚጅዋል፣ ማለትም በእኩልታዎቹ ውስጥ የቀረው ስህተት፣ መውረዱ እኩልታዎቹ መፈታታቸውን ይናገራል፤ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቃችሁን ግን አይናገርም።

መብራት ሲሄድ

ሌሊቱን ሙሉ የሄደ ስሌት ንጋት ላይ መብራት ሄዶ ቢጠፋ ከዜሮ መጀመር ያለበት ሰው አይኑር። ፕሮግራማችሁ በየ10 ደቂቃው ያለበትን ሁኔታ ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ሲነሣም መጀመሪያ ያንን ፋይል ይፈልግ። መብራቱ የሚሄደው ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ሊሆን ስለሚችል አዲሱን ሁኔታ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፣ ተጽፎ ሲያልቅ ስሙን ወደ ዋናው ቀይሩ፤ ያኔ ቢያንስ የቀድሞው ደህና ይቀራል። በሠላም ጊዜ አንድ ቀን ፕሮግራሙን መሐል ላይ ገድላችሁ ያለማቋረጥ ከሄደው ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እኩል መልስ መስጠቱን አረጋግጡ። ከላፕቶፑ ውጭ በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ላይ ቅጂ ይኑራችሁ፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይወድቃል።

ኢንተርንሺፕና የመመረቂያ ፕሮጀክት

ኢንተርንሺፕ ላይ ሲሙሌሽን የሚሠራ ክፍል ባታገኙም መለካት የሚቻልበት ቦታ ፈልጉ። ሙቀት፣ ግፊት፣ ፍሰት የተመዘገበበት ደብተር ለናንተ ወርቅ ነው፤ ከስሌታችሁ ጋር የምታመሳክሩት እውነተኛ ቁጥር ሌላ ቦታ አይገኝም። ስትወጡ መረጃውን የምትጠቀሙበት ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

ርዕሱን ጠበብ አድርጉ። «የአዳማ ከተማ ጎርፍ ሞዴል» ለአንድ ሴሚስተር አይሆንም፤ የአንድ ቦይ አንድ መታጠፊያ ይሆናል። «የቆቃ ግድብ ደለል» አይሆንም፤ በአንድ የመስቀለኛ ክፍል ላይ ደለል በምን ያህል የውሃ ፍጥነት መዝቀጥ እንደሚጀምር ማስላት ይሆናል። ምጣዱን ያልናቀ ተማሪ ደግሞ ከላይ የጀመረውን ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ አሳድጎ፣ የሽቦው አቀማመጥ ሲለወጥ ሙቀቱ የት እኩል እንደሚሆን በስሌት አሳይቶ፣ በሙቀት መለኪያ 5 ነጥብ ላይ ለክቶ ማመሳከር ይችላል፤ የምንመርጠው እንዲህ ያለውን ነው።

ጊዜውን እንዲህ ክፈሉት፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት በእጅ ስሌትና መረጃ መሰብሰብ፣ 4 ሳምንት ኮድና መልሱ በሚታወቅ ጉዳይ መፈተን፣ 3 ሳምንት ዋናው ስሌት፣ 2 ሳምንት ማመሳከር፣ ቀሪው ጽሑፍ። ዋናው ስሌት ቢያንስ በ3 የተለያዩ ሜሾች ይሂድ፤ የምትፈልጉት ቁጥር ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስንት በመቶ እንደተለወጠ በሠንጠረዥ ይቅረብ። ፈታኞች ከሚጠይቋችሁ አንዱ ይህ ነው፤ «ሜሹ ጥሩ ነበር» መልስ አይሆንም።

ከማቅረባችሁ አንድ ሳምንት በፊት ኮዱን፣ የግቤት ፋይሎቹንና አንድ ገጽ ማስኬጃ መመሪያ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ፕሮጀክቱን ለማያውቅ የዶርም ጓደኛ ስጡት። ምንም ሳትነግሩት በራሱ ላፕቶፕ ያስኪደው። የሚጠይቃችሁን እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፉና መልሱን መመሪያው ላይ ጨምሩ፤ ከዚያ ለሌላ ጓደኛ ስጡት።